ትልቅ የጎማ ጀልባ ሲያስቸግርህ፦ ከደቻቱ አሸዋ እስከ አዋሽ ወንዝ

ባለፈው ጥር ድሬዳዋ መሃል፣ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ አምስት ሜትር የሚረዝም የጎማ ጀልባ ነፋን። ውሃ የለም፤ አሸዋ ብቻ። ልጆች ከበቡን። ባጃጆች ድልድዩ ላይ ቀዝቀዝ እያሉ አዩን። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጀልባውን ዞር ዞር ብለው ቃኙትና «ምነው፣ ጎርፍ ይመጣል አሉ እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። እዚህ ከተማ ውስጥ፣ ወንዙ መሃል ጀልባ ሲነፋ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም።

«አይ እማማ፣ ለአዋሽ ነው» አልናቸው።

«እንግዲያ ጎርፉን እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ልትፈልጉት ነዋ!» አሉና ዘንቢላቸውን አንስተው ወደ ገበያ ሄዱ።

ለልምምድ አሸዋው ጥሩ ነበር። ትልቅ ጀልባ ላይ ከሚያጋጥመው ጣጣ ግማሹ ውሃ ሳትነካ የሚፈታ ነው። ሌላው ግማሽ ወንዙ ላይ ይጠብቅሃል። የማወራው አንድ ሰው መሃል ተቀምጦ በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያ ስለሚነዳው፣ የብረት ፍሬም ስለተገጠመለት ጀልባ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ አጫጭር መቅዘፊያ ይዞ የሚቀዝፈው ዓይነት ሌላ ነው። በድሬ ደንብ «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሴት ከሆንሽ «አንቺ» እያልሽ አንብቢው፣ አቦ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ይህን አንብቦ ብቻውን ወንዝ የሚገባ እንዳይኖር። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ወንዙን ከሚያውቅ ሰው ጋር ውረድ። የወንዝ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 ይመደባል። ለጀማሪ ቀዛፊ 2 ይበቃዋል። 3 ልምድ ይፈልጋል። 6ን ለመሞከር የሚያስብ ሰው የእኔን ጽሑፍ አያነብም። ላይፍ ጃኬትና ሄልሜት ላይ ክርክር የለም፤ ውሃው የተኛ ቢመስልም አይወልቁም።

ደንገጎን እንደሚወርድ አይሱዙ

ጎረቤታችን አይሱዙ ይነዳል። ከሐሮማያ በኩል ድንች ጭኖ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ይወርዳል። አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ስንወርድ፣ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀነሰ። «ምን አስቸኮለህ?» አልኩት። «ኩርባው ላይ ደርሰህ ፍሬን ከያዝክ መኪናው ቀድሞህ ወስኗል» አለኝ። ስለ ትልቅ ጀልባ ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ ሰው የለም። እሱ ደግሞ ጀልባ ነክቶ አያውቅም።

ጀልባው፣ ፍሬሙ፣ ምግቡ፣ የመጠጥ ውሃው፣ ድንኳኑና አራት ሰው ሲደመሩ ከግማሽ ቶን በላይ በቀላሉ ይሄዳሉ። ትንሽ ጀልባ አንድ ጊዜ ስትቀዝፍ ይዞራል። ትልቁ ግን ሦስት አራት ጊዜ ቀዝፈህ ገና መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከጀመረ ደግሞ በጄ አይልም። ጀማሪው ይህን አያውቅም። ሁለቴ ይቀዝፋል፣ ጀልባው ዝም ይለዋል፣ ሌላ ነገር ይሞክራል። ከዚያ የመጀመሪያው ትእዛዝ አሁን ገና ይደርስና ጀልባው በማይፈለግበት ሰዓት ይዞራል።

ስለዚህ ትልቅ ጀልባ ላይ የጉልበት ማነስ የሚመስለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መዘግየት ነው። ጂም የሚሠሩ ጓደኞቼ ድንጋይ ላይ ሲለጠፉ አይቻለሁ። ድንጋዩን ሃምሳ ሜትር ላይ አይተህ ጀምር። ሃያ ሜትር ላይ ከሆንክ ስለ ማምለጥ ሳይሆን እንዴት እንደምትመታው አስብ።

ውሃ ሳትነካ የሚፈቱ ችግሮች

አሸዋው ላይ መጀመሪያ ያየነው መቅዘፊያውን ነው። አምስት ሜትር ለሚሆን ጀልባ ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ መቅዘፊያ ይሄዳል። መቅዘፊያው የሚያርፍበት ሹካ መሰል ብረት አለ፤ እኛ ሹካ ነው የምንለው። ከሹካው ወደ አንተ አንድ ሦስተኛው፣ ወደ ውሃው ሁለት ሦስተኛው ይሁን። ወደ ውስጥ የገባው ካነሰ ሸክሙ ይከብድሃል። ከበዛ ደግሞ ሁለቱ እጀታዎች መሃል ላይ ይጋጩና ጣትህን ይቀጠቅጡሃል። በመካከላቸው የመዳፍ ስፋት ያህል ክፍተት ተው።

ከዚያ ተቀመጥ። እግርህ የሚረግጠው ጠንካራ ነገር አለ? ከሌለ ፍሬሙን አስተካክል። መቅዘፊያውን ከውሃ ለማውጣት እጀታውን ወደ ታች ስትጫን ጉልበትህን ይመታል? መቀመጫውን ዝቅ ወይም ሹካውን ከፍ አድርግ። እነዚህን ነገሮች ወንዝ ላይ አስተካክላለሁ ካልክ አታስተካክልም። እኛ አሸዋው ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀን፤ ልጆቹም በየተራ ቀዘፉ።

ጭነት ላይ፦ ከባዱ ነገር ከታች፣ መሃል፣ ትንሽ ወደ ፊት አድልቶ። ፊቱ የቀለለ ጀልባ ሞገድ ሲመታው ሽቅብ ይነሳና ወደ ኋላ ይገለበጣል። ከዚያ የገበሬ ሸክም እንደሚታሰር እሰረው። መፈተኛው ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁን ገልብጬ ባራግፈው ምን ይወድቃል? የሚወድቅ ካለ አልታሰረም ማለት ነው። የተረፈውን የገመድ ጫፍ ሁሉ ጠቅልለህ አስገባ። ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ልቅ ገመድ እግር ይይዛል፤ ከአዞ በላይ የምፈራው እሱን ነው። ለዚህ ሲባል ላይፍ ጃኬትህ ላይ ቢላዋ ይኑር።

አየር ደግሞ የእኛ አገር ችግር ነው። ድሬ ላይ ቀትር ላይ ጥንክር አድርገህ የነፋኸው ጀልባ ውሃ ሲነካ ይለሰልሳል፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ አየር ይሰበሰባል። በተቃራኒው ከውሃ አውጥተህ ለምሳ ፀሐይ ላይ ብትተወው አየሩ ይለጠጥና ስፌቱን ሊከፍተው ይችላል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦

1. ሁሉንም የአየር ክፍል በየተራ ግማሽ ድረስ ንፋ። አንዱን ሞልተህ ሌላውን ባዶ ከተውክ በመሃል ያለው ግድግዳ ይጨነቃል።
2. ከዚያ በየተራ ሙላ። ስታንኳኳው የበሰለ ሐብሐብ ድምፅ ይስጥህ።
3. ውሃ ላይ አድርገህ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቅና የጎደለውን ጨምር።
4. ዳር ላይ ስታቆመው ከፊሉን ውሃ ውስጥ ተወው፣ ወይም ውሃ እያፈሰስክበት ቆይ፣ ወይም ትንሽ አየር ልቀቅለት። ተነስታችሁ ስትሄዱ መልሰህ መንፋት እንዳትረሳ። የለሰለሰ ጀልባ ድንጋይ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ነው የሚጠመጠመው።

ማኪያቶ የመሰለ ውሃ

አዋሽ ለዚህ ሥራ የሚመቸው በክረምትና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ያን ጊዜ ውሃው ማኪያቶ ይመስላል። ድንጋዩን አታየውም፤ የምታየው ድንጋዩ ውሃው ላይ ያደረገውን ነው። ለስላሳ ምላስ መስሎ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች የሚያመለክት ውሃ መንገድ ነው። ሹል ጫፉ ወደ አንተ ወደ ላይ ካመለከተ ግን ጫፉ ላይ ድንጋይ አለ። ለስላሳ ጉብታ ካየህ ከሥሩ ድንጋይ፣ ከጀርባው ደግሞ ጉድጓድ አለ። ግራና ቀኝ የሚባለው ሁልጊዜ ወደ ታች ወደሚወርደው ውሃ ዞረህ ነው፤ ይህን ከጓደኞችህ ጋር አስቀድመህ ተስማማ። ማየት ካልቻልክ ዳር ያዝ፣ ውረድ፣ በእግርህ ሄደህ እይ።

ጎርፍን በተመለከተ ለድሬ ልጅ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ዝናብ ደቻቱ ሲመጣ እያየን ነው ያደግነው። አዋሽ ላይ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆቃ ግድብ የላይኛውን ውሃ ይይዛል። ከግድቡ በታች የሚገቡትን ወንዞች ግን እሱ አይይዛቸውም። ውሃው ድንገት ከጠቆረ፣ ጭራሮና አረፋ ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ወደ ዳር ውጣ። ድንኳንህን ከፍ ያለ ቦታ ትከል። ጀልባውንም ከምታስበው በላይ ከፍ ካለ ዛፍ ጋር እሰር።

የምትፈራውን እያየህ ወደ ኋላ ሳብ

ይህን አንዱን ብቻ ይዘህ ብትሄድ ይበቃኛል።

በመጀመሪያ የጀልባውን ፊት መሸሽ ወደምትፈልገው ነገር አዙር። አዎ፣ ወደ ድንጋዩ። ቀጥሎ ጀልባውን ከውሃው አካሄድ ጋር 45 ዲግሪ ያህል አጋድለው። ከዚያ ሁለቱንም መቅዘፊያ ወደ ራስህ ሳብ። ጀልባው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ጎን ይሸሻል። ሲያልፍ ፊቱን መልሰህ አቅና።

ምክንያቱ ሁለት ነው። ስትስብ እግርህ፣ ወገብህና ጀርባህ ይሠራሉ፤ ስትገፋ ግን ክንድና ሆድ ብቻ ናቸው። ሁለተኛውና ትልቁ ጥቅም ደግሞ ከውሃው ቀርፈፍ ማለትህ ነው። ወደ ኋላ እየሳብክ ስለሆነ ወንዙ ከአንተ ይቀድማል፣ የማሰቢያ ጊዜም ታገኛለህ። አይሱዙው ማርሽ እንደቀነሰ ማለት ነው። ወደ ፊት መግፋት የሚያስፈልገው ለተኛ ውሃና ሞገድ ሰብሮ ለማለፍ ነው።

አሳሳቡም አለው። እግርህን ርገጥ፣ ክንድህን ዘርጋ፣ ከወገብህ ወደ ኋላ ተደገፍ፤ ክንድህ የሚታጠፈው መጨረሻ ላይ ነው። ሰፊው ጫፍ ውሃ ውስጥ ልክ እስኪሸፈን ብቻ ይግባ። ጠልቆ ከገባ ከታች ያለው ድንጋይ ይጠብቀዋል። ክንድህ ብቻ እየሠራ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስህ ታውቀዋለህ።

መቅዘፊያው ድንጋይ ሲነክስ

አምና መስከረም፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ወደ ታች በኩል ያለው መቅዘፊያዬ ሁለት ድንጋዮች መሃል ገባ። ጀልባው አልቆመም። ግማሽ ቶኑ ወደ ፊት ሲሄድ መቅዘፊያው ባለበት ቀረ። እጀታው ደግሞ በእኔ በኩል መጣ። የግራ ጎኔን፣ ከላይፍ ጃኬቱ ዝቅ ብሎ፣ መታኝ። ሦስት ሳምንት በቀኝ ጎኔ ተኛሁ። ስስቅ ያመኛል፤ ጓደኞቼ ደግሞ ይህን አውቀው ያስቁኛል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እጀታውን አጥብቄ ያዝኩ። ማድረግ የነበረብኝ ሦስት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ድንጋያማ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ወደ ታች በኩል ያለውን መቅዘፊያ ከውሃ ማውጣት፣ ወይም ከጀልባው ጎን ጋር አስጠግቶ ማስተኛት። ሁለተኛ፣ ከነከሰ እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ ጫፉን ለማላቀቅ መሞከር። ሦስተኛ፣ ካልተላቀቀ መልቀቅና ሰውነትን ከመንገዱ ዞር ማድረግ። መቅዘፊያ ይተካል።

ከሹካው ከወጣ አትደናገጥ። በቀረው በአንዱ ጀልባውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ተሳፋሪው እጀታውን ይያዝልህ፣ አንተ መልሰህ አስገባ። ቢሰበር ወይም ቢሄድ መለዋወጫ ያስፈልጋል። መለዋወጫው ደግሞ በአንድ እጅ ተስቦ በሚፈታ ማሰሪያ፣ ጎን ላይ መታሰር አለበት። ከድንኳኑ ሥር ታስሮ ያየሁት አለ። ያ መለዋወጫ ሳይሆን ሌላ ጭነት ነው።

በጎን ድንጋይ ላይ ስትሄድ

ድንጋዩን በፊት ወይም በኋላ መምታት ብዙ ጊዜ ያነጥርሃል፣ ያዞርሃል፣ ታልፋለህ። ማምለጥ እንደማትችል ካወቅክ ፊቱን አቅንተህ ምታው። ከባዱ በጎን መምታት ነው። ጀልባው ድንጋዩን ሲደገፍ የሰው ደመ ነፍስ ከድንጋዩ መሸሽ ነው። ሁሉም ውሃው ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው ጎን ይሸሻል፤ ያ ጎን ዝቅ ይላል፤ ውሃው ይገባበታል፤ ጀልባው ይሞላና ድንጋዩ ላይ ይጠመጠማል። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ስለዚህ ትእዛዙ «ወደ ድንጋዩ!» ነው። ሁሉም ሰው ድንጋዩን ወደተደገፈው ጎን ይዝለል፣ በሙሉ ክብደቱ። ላይኛው ጎን ይነሳል፣ ውሃው ከሥሩ ያልፋል። ይህን አሸዋው ላይ አሥር ጊዜ አለማመድኳቸው። ከዳር የቆሙት ልጆች ከእኛ ቀድመው ለመዱት፤ ገና ሳልጮህ «ወደ ድንጋዩ!» እያሉ ይዘሉ ነበር።

ከተለጠፈ

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፤ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ጀልባው ሲለጠፍ ሳይሆን ለማላቀቅ ሲሞከር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በጉልበት አታሸንፈውም።

መጀመሪያ ሰው ቁጠር። ሁሉም አለ? ድንጋዩ ላይ መቆም የሚችል ይቁም። ከላይ ሌላ ጀልባ የሚመጣ ከሆነ አንድ ሰው በፉጨት ያስጠንቅቅ።

ከዚያ ተቀመጥና አምስት ደቂቃ እይ። እኛ አንድ ቀን ጀልባችን ሲለጠፍ ይህን አላደረግንም። ገመድ ወርውረን አምስት ሆነን «ሆ! ሆ!» እያልን ቀጥታ ወደ ዳር ጎተትን። ንቅንቅ አላለም። ላብ በላብ ከሆንን በኋላ ነው ቁጭ ብለን ያየነው። ውሃው ጀልባውን እኩል አልያዘውም። ከድንጋዩ በስተቀኝ ያለው ክፍል ሰፊ ነው፤ በግራ ያለው ትንሽ ነው። ውሃው ራሱ ወደ ቀኝ ሊወስደው ይፈልጋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ ወደ ግራ እየጎተትን ነበር።

ጥያቄው «እንዴት እጎትተዋለሁ?» ሳይሆን «ውሃው በየት በኩል ሊወስደው ይፈልጋል?» የሚል ነው። መልሱን ካገኘህ በቅደም ተከተል ሞክር፦

1. ሰዉን ሁሉ ውሃው ሊወስደው ወደሚፈልገው ጫፍ አዛውር። እየተነሳችሁ እየተቀመጣችሁ ወዝውዙት። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል።
2. ካልሆነ ተንሳፍፎ የቀረውን ጫፍ በገመድ፣ ከዳር፣ በሰያፍ ሳቡት። ገመዱን ጀልባው ላይ ካሉት ቀለበቶች አንዱ ላይ ብቻ አትሰር፤ ይገነጠላል። ፍሬሙና ሁለት ሦስት ቀለበት ሸክሙን ይካፈሉት።
3. አሁንም እንቢ ካለ ፑሊ፣ ገመድ የሚዞርበት ትንሽ መንኮራኩር፣ ይግባ። ገመዱ ከጀልባው ወጥቶ ዳር ላይ ካለ ወፍራም ግራር ጋር በታሰረ ፑሊ ያልፋል። ከዚያ ወደ ጀልባው ተመልሶ፣ በቀጭን ገመድ ዋናው ገመድ ላይ በተጠመጠመ ሁለተኛ ፑሊ ይዞራል። ጫፉን ወደ ግራሩ ትስበዋለህ። የአንድ ሰው ጉልበት በስሌት ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ፍትጊያው ጥቂቱን ይበላዋል። ግራሩን ገመዱ እንዳይልጠው ሰፊ ቀበቶ አልብሰው።
4. መጨረሻ ላይ፣ ከአንድ የአየር ክፍል ትንሽ አየር ልቀቅ። ውሃው ከድንጋዩ አጥፎ ሊያልፍበት ይችላል።

የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ይገድላል። ከገመዱ መስመር ማንም አይቁም፣ ማንም አይሻገረው። መሃሉ ላይ እርጥብ ላይፍ ጃኬት ወይም ከረጢት አንጠልጥልበት፤ ቢበጠስ ሩቅ እንዳይወረወር ይይዘዋል። ገመድ እጅህ ላይ አትጠምጥም። ራስህን ከገመድ ጋር አትሰር፤ ይህን ፊልም ላይ ያየ ሰው ሁሉ ሊያደርገው ይፈልጋል።

የእኛ ጀልባ በሁለተኛው ተላቀቀ። በአጠቃላይ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩሉ «ሆ! ሆ!» ነበር።

ካልተላቀቀስ? ተወው። ሰዉን ወደ ዳር አውጣ፣ እደር፣ ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ራሱ ሊፈታው ይችላል። ያከራየህ ሰው ይቆጣል። ይቆጣ።

ጉድጓድና ማረፊያ

ድንጋይ ዘሎ የወረደ ውሃ ከሥር ተመልሶ የሚሽከረከርበትን ቦታ ጉድጓድ እንለዋለን። ከተቻለ ራቀው። ካልተቻለ ቀጥ ብለህ፣ በፍጥነት፣ እየገፋህ ግባ። በዚህ ጊዜ ክብደትህ ወዳጅህ ነው። ፊት ያሉት ሰዎች ወደ ፊት ይደገፉ። መቅዘፊያህን ከጉድጓዱ ማዶ ያለው ውሃ ውስጥ ሰክተህ ሳብ፤ ያ ውሃ ወደ ታች ስለሚሄድ ያወጣሃል። በጎን ከገባህ እንደ ድንጋዩ ነው፤ ሁሉም ወደ ታችኛው ጎን ይዝለል።

ማረፊያ የምለው ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ያለውን ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ ወደ ላይ የሚመለስም አለ። ለትልቅ ጀልባ መግባቱ ይከብዳል። ድንጋዩን ልታልፍ ስትል ጀምር፣ ካለፍክ ረፍዷል። ድንበሩን በሰያፍና በጉልበት ሰብረህ ጥልቅ ግባ። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ከሆነ ይሽከረከራል። አንዱን ካመለጥክ ወደ ላይ አትታገል፤ የሚቀጥለውን ፈልግ።

ሰው ሲወድቅ፣ ጀልባ ሲገለበጥ

ሰው ይወድቃል። ከመነሳትህ በፊት ለሁሉም ይህን ንገር፦ በጀርባህ ተኛ፣ እግርህን ወደ ታች በኩል አስቀድም፣ የጫማህ ጫፍ ከውሃ በላይ ይታይ። የሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክር። እግር ድንጋይ መሃል ከገባ፣ ውሃው ጉልበትህ ድረስ ብቻ ቢሆንም ገፍቶ ይደፋሃል። ከዚህ የሚለየው የወደቀ ዛፍ ነው። ውሃው በቅርንጫፉ መሃል የሚያልፍ ዛፍ ካየህና ማምለጥ ካልቻልክ፣ ገልበጥ ብለህ በደረትህ ወደ ዛፉ ዋኝና ላዩ ላይ ውጣ። ከሥሩ እንዳትገባ።

ገመድ ስትወረውር መጀመሪያ ጥራው፣ ዓይኑን ያዝ፣ ከዚያ ገመዱ በትከሻው ላይ እንዲያርፍ ከራሱ አሳልፈህ ወርውር። እሱ ገመዱን ደረቱ ላይ ይዞ በጀርባው ይተኛ። ወደ ጀልባው ሲደርስ በላይፍ ጃኬቱ የትከሻ ማሰሪያ ይዘህ ሳበው። በእጁ አትጎትተው፤ እርጥብ እጅ ያመልጣል፣ ትከሻም ይወልቃል።

ጀልባው ከተገለበጠ ውሃው በሚመጣበት በላይኛው በኩል ሁን። በጀልባውና በድንጋይ መካከል መግባት የለም። ሰው ቁጠር፤ ከሥር የገባ ካለ ጎኑን እየዳሰሰ ይውጣ። ትልቅ ጀልባን ከነጭነቱ አንድ ሰው አያቃናውም። የተገለበጠው ላይ ውጡና ወደ ተኛ ውሃ ምሩት። እዚያ ገመዶቹን ከአንዱ ጎን አሳልፋችሁ፣ ሁላችሁም በተቃራኒው ጎን ቆማችሁ፣ ይዛችሁ ወደ ኋላ ውደቁ። ሦስት አራት ሰው ያስፈልጋል። እንቢ ካለ ያ ፑሊ አለ።

አዞና ጉማሬ

በ1973 እ.ኤ.አ. ኦሞን በጎማ ጀልባ የወረዱት አሜሪካውያን ድርጅታቸውን በግብፃውያን የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ ብለው ሰይመውታል። ከሚፈሩት ጋር መታረቅ መሰለኝ። እኛ በአነስተኛው መንገድ እንታረቃለን፦ በተኛ ውሃ ውስጥ ለመዝናናት አንዋኝም፣ እጅና እግር አናንጠለጥልም፣ ሲመሽ ውሃ ዳር አንቀመጥም። ጉማሬ ግን ከአዞ ይልቅ ያሳስበኛል። ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ውሃ ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ጥልቁን ለእሱ ተውለት፤ አንተ ጥልቀት በሌለው ዳር እለፍ። ከሩቅ የጀልባውን ጎን በመቅዘፊያ እየመታህ መምጣትህን አሳውቀው። በእሱና በጥልቁ መካከል ከገባህ ስለ መቅዘፍ ያነበብከው ሁሉ አይጠቅምህም።

ሲቀደድ

ትንሽ ቀዳዳ ወንዝ ላይ ይጠገናል። የተቀደደውን ክፍል አየር ሙሉ በሙሉ አውጣ፣ አድርቅ። ዙሪያውን በማጽጃ ጠርግ፣ በአሸዋ ወረቀት ፋቅ፣ እንደገና ጠርግ። ጥገናው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይለፍ፣ ማዕዘኑም ክብ ይሁን። በሁለቱም ወገን ስስ ማስቲሽ ቀባ፣ ይድረቅ፣ ድገም። ጣትህን ስታስነካው ያዝ አድርጎ የማይለጠፍ ሲሆን ግጠመው፣ ከመሃል ወደ ዳር በጠርሙስ ዳምጠው። ቀዳዳው ረጅም ከሆነ መጀመሪያ በጠንካራ ክር ይሰፋል። ከተቻለ አንድ ሙሉ ቀን ሳይነፋ ይቆይ።

ቤት ስንመለስ ጀልባውን ሰፈራችን ወዳለው ጎሚስታ ወሰድነው። ሽማግሌ ናቸው፤ የባቡር ጣቢያው ሲደምቅ ጀምሮ ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ። ወንዝ ላይ የለጠፍነውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አድርገው «ማን ሠራው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ።

«ማስቲሹ ሳይደርቅ ነው የገጠምከው» አሉኝ። «ምን አስቸኮለህ?»

ልጠውት እንደገና ሠሩት። ከዚያ በጥላ አድርቀን፣ አሸዋውን ከየስፌቱ በብሩሽ አውጥተን፣ አይጥ እንዳይደርስበት ግማሽ ድረስ ነፍተን ቆጥ ላይ ሰቀልነው። የደቻቱ አሸዋ ግን አሁንም ከሆነ ቦታ ይወጣል።